ክብር ለባለ ሁለት ሊትሮቹ

ደብረ ብርሃን ላይ የሰው ማዕረግ በልብሱ ይታወቅ ነበር። የመንዝ ባና የደረበ አለ። ጋቢ ላይ ካፖርት የጨመረ አለ። የከተማዋን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውለታ ያልረሳ ደግሞ ብርድ ልብሱን እንደ ኩታ ተከናንቦ ሱቅ ድረስ ይሄዳል። ዘንድሮ ይህ ሁሉ ቀርቷል። ማዕረግ የሚለካው በሊትር ሆኗል።

ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ተራ ሰው ነው። ሻይ ቤት ገብቶ ቢወጣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አንድ ሊትር የያዘ ጭምት ነው፤ ተምሯል ማለት ነው። ባለ ሁለት ሊትሩ ሲመጣ ግን መንገድ ይለቀቅለታል። ሃይላንዱን በብብቱ ሸጉጦ፣ ደረቱን ነፍቶ ያልፋል። በየአሥር እርምጃው ቆሞ ይጎነጫል። የጠማው እንዳይመስላችሁ። ጥማት የመሃይም ነገር ነው።

እስካሁን እነዚህን ሰዎች ወግ ባለው መንገድ ያመሰገናቸው የለም። እንዲያውም «ምን ነካቸው?» የሚል አይጠፋም። ምቀኝነት ነው። ስለዚህ ምስጋናውን እኔ ልጀምር።

ቀናቸው የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ታኅሣሥ ነው እንበል። ውጪው ውርጭ ነው፤ ሣሩ ነጥቷል፤ ውሻ እንኳ ከተጠቀለለበት አልተፈታም። የእኛ ጀግና ግን ስልኩ ጮኾ ቀስቅሶታል። ውሃ የሚጠጣበትን ሰዓት የሚያስታውስ ነገር ጭኖበታል። ሰውነቱ አልጠማኝም ይላል። ስልኩ ጠምቶሃል ይላል። ማንን ይመን? የሰለጠነ ሰው ስልኩን ያምናል። ተነሥቶ በባዶ ሆዱ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ያወርዳል። አንጀት ይታጠባል ይባላላ! ታጥቦ የት እንደሚሰጣ ግን እስካሁን አልተነገረንም።

ብርዱም የራሱ ሥራ አለው። ሰውነት ሲበርደው የቆዳውን ደም ሥሮች ያጠብባል፤ ደሙን ወደ መሐል ይሰበስባል። ኩላሊት መሐሉን ሞልቶ ሲያገኘው ውሃ የተትረፈረፈ ይመስለውና ያስወጣል። ደጋ ላይ በጠዋት ሰው ምንም ሳይጠጣ ሽንቱ የሚመላለስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጀግናችን እንግዲህ ኩላሊቱ በራሱ ሰዓት በሚያፈስበት ጊዜ ከላይ አንድ ሊትር ይጨምርለታል። በበጋ የምትቀጥነውን የበሬሳን ወንዝ ሊደጉማት አስቦ ከሆነ እግዜር ይስጠው።

ከዚያ ወደ ቢሮ ነው። ጠረጴዛው ላይ ማኅተም ባይኖር ጠርሙስ አለ። በየመስመሩ ሰዓት የተጻፈበት ነው፤ 4 ሰዓት ላይ እዚህ፣ 6 ሰዓት ላይ እዚህ። ባለጉዳይ ከሞጃ፣ ከሳሲት ተነሥቶ መጥቶ በር ላይ ይቆማል። «ወጣ ብሏል» ይባላል። እውነቱን ለመናገር «ወጣ ብሏል» በፊትም ነበር። ያኔ ግን የት እንደወጣ አይታወቅም ነበር። አሁን ይታወቃል። ግልጽነትና ተጠያቂነት ማለት ይኸው ነው። ባለጉዳዩ ከፈለገ ሽንት ቤቱ በር ላይ ተሰልፎ ፊርማውን መቀበል ይችላል።

ይሄ ሁለት ሊትር ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ደረቅ አይጠፋም። እንንገረው። በ1945 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና ሥርዓተ ምግብ ቦርድ አንድ ምክር አወጣ። ለአዋቂ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ይስማማዋል አለ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፤ የዚህ ውሃ አብዛኛው ምግቡ ውስጥ አለ አለ። ጀግና ግን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር አያነብም። የመጀመሪያዋን ነጥቆ ሮጠ፤ ይኸው እስካሁን እየሮጠ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሃይንዝ ቫልቲን የሚባሉ፣ አሜሪካ ዳርትመዝ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተማሩ የኩላሊት ሊቅ ነገሩን ሊያጣሩ ተነሡ። ጤነኛ ሰው በቀን ስምንት ብርጭቆ፣ ማለትም ሁለት ሊትር ያህል፣ ውሃ መጠጣት አለበት የሚለውን የሚደግፍ ሳይንሳዊ ማስረጃ ፈልጌ አጣሁ ብለው ጻፉ። ሰውዬው የፈለጉበት ቦታ ነው ስህተቱ። እኛ ዘንድ መጥተው ቢሆን ማስረጃው በሽ ነው። ቲክቶክ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ተናግሯል። ጋውኑን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅነውም። ነውር ነው።

ያችን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር እኛ አገር ላይ ብናሰላትስ? እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ሽሮው ውሃ ነው። ጠዋት ሻይ አለ። ቀትር ላይ ቡና ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ነው የሚነሣው። ጎረቤት የጠመቀች እንደሆነ ደግሞ ጠላውም አለ። ጀግኖቻችን «ቡና አይቆጠርም፣ እንዲያውም ያደርቃል» ይላሉ። ኩላሊት ግን ይቆጥረዋል። የለመደ ሰው በመጠኑ የጠጣው ቡና ከሚያስወጣው የሚያስገባው ይበልጣል። ይህንን ለባለ ሁለት ሊትሩ ብትነግሩት ዝም ብሎ ያያችኋል። ከዚያ ይጎነጫል።

ለማንኛውም አትፍሩ። ሁለት ሊትር ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ ቢጠጣ ጤነኛ ሰው አይገድልም። ከሽንት ቤት ጋር ያዛምዳል እንጂ። ችግሩ ማዕረግ የሚያድግ መሆኑ ነው። ሁለት ሊትር ሁሉም ሰው ጋ ሲደርስ ክብሩ ይወርዳል፤ ሦስት ይመጣል፣ አራት ይመጣል። «በአንድ ቁጭታ የሚጨርስ ማነው?» የሚል ውርርድ ይመጣል። ጠበል ውስጥ አልገባም፤ እሱ የእምነት ነገር ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይ ሸንኮራ ዮሐንስ የሄደ ሰው ከእኔ ጋር ክርክር የለውም። እኔ የማወራው ከሱቅ ተገዝቶ፣ በሰዓት ተለክቶ፣ ለፎቶ ስለሚጠጣው ነው።

ጤነኛ ኩላሊት በሰዓት ማስወጣት የሚችለው ቢበዛ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሰዓት በሰዓት ላይ ከተደራረበ ውሃው መሄጃ ያጣል። ደም ውስጥ ሶዲየም የሚባል ጨው አለ። ልኩ በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። እንግዳ ሲበዛ ሽሮ ላይ ውሃ ይጨመር የለ? ጨው ማንም አልቀነሰም፤ ወጡ ግን አልጫ ሆነ። ደምም እንደዚያ ይሆናል። ደሙ ሲቀጥን ውሃው ጨው ወዳለበት ይሄዳል፤ ሴሎቹ ውስጥ ይገባል፤ ሴሎቹ ያብጣሉ። እግር ቢያብጥ ጫማ ማውለቅ ይቻላል። አንጎል ግን የተቀመጠው አጥንት ውስጥ ነው። ሲያብጥ የሚሰፋለት ቦታ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው የጀግንነት ቁንጮ ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል። ማቅለሽለሽ ይከተላል። ሰውነት ይዝላል። ጀግናችን ይህን ሲያይ ምን ይላል? «ውሃ አንሶኛል!» ይላል። ምክንያቱም ውሃ ሲያንስም ራስ ያማል ተብሏል፤ ተብሏል ብቻ ሳይሆን እውነት ነው። ስለዚህ ይጨምራል። ራሱ ይብስበታል። ይጨምራል። ያስመልሰዋል። የወጣውን ለመተካት ይጨምራል። ቀጥሎ መቀባጠር አለ፤ ማንቀጥቀጥ አለ፤ ራስን መሳት አለ። ሌላው በሽታ መድኃኒቱን ሲያይ ይሸሻል። ይሄኛው መድኃኒት የተባለውን እየጠጣ ያድጋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ አባቶች ወንዙን ብቻ መስሏቸው ነበር።

አባቶች ካልኩ አይቀር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበረች። ጨው ከአፋር ምድር በግመል ይመጣባት ነበር። በሸዋ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ለአንድ አሞሌ ስንት ሰው ቆላ ወርዷል፣ ስንት ሰው ተጣልቷል! ልጆቻቸው ይኸው ያንን ጨው ደማቸው ውስጥ በነፃ ተሰጥቷቸው በሊትር ያቀጥኑታል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው ተረት እዚህ ሰፈር አይሠራም።

አንድ ቦታ ላይ ሽሙጤን ላቁም። በጥር 2007 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ውስጥ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውድድር አዘጋጀ። ሽንት ሳይሸና ብዙ ውሃ የጠጣ የጨዋታ ማሽን ይሸለማል ተባለ። የ28 ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ለልጆቿ ማሽኑን ልታመጣ ገባች። ራሴን አመመኝ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። በዚያው ቀን ሞታ ተገኘች። በ2009 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ለቤተሰቧ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። ውርርድ የምታዘጋጁ ልጆች፣ ይቺን ታሪክ ለሁለተኛ ጊዜ አንብቧት።

ሽሙጡ ይቀጥል። በ2002 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶን ላይ ተመራማሪዎች ከ488 ሯጮች ደም ወስደው ነበር። ከመቶ 13ቱ የደም ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። እነማን ናቸው? ከፊት የሮጡት አይደሉም። በብዛት ሩጫው ከአራት ሰዓት በላይ የፈጀባቸው፣ በየጣቢያው እየቆሙ የጠጡት ናቸው። ከሁሉ በላይ ምልክት የሆነው ደግሞ ክብደት መጨመር ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ክብደት ጨምሮ የገባ ሰው አለ ማለት ነው! እኔ ይህን ሳነብ ቆሜ አጨበጨብኩ። እኛ ገና ቁጭ ብለን ነው የምንጨምረው።

ጀግና ለራሱ ብቻ አይኖርም። ያስተምራል። የሰፈሩን አረጋዊት ያገኝና እንዲህ ይላል።

«እማማ፣ በቀን ስንት ሊትር ነው የሚጠጡት?»

«ምኑን ልጄ?»

«ውሃ ነዋ!»

«እኔስ ሲጠማኝ ነው።»

ጀግናው ራሱን ይነቀንቃል። «ከጠማዎትማ አለቀ እኮ እማማ! ሳይጠማ ነው መጠጣት።»

«እንግዲያ ሳይሞትም ይለቀሳላ» ይላሉ እማማ።

ግን ልጁ የተማረ ነው። ደግሞም ይወዳቸዋል። በመጨረሻ ይሸነፋሉ። በየቀኑ ሦስት ሊትር ይቀዳላቸዋል። እማማ የደም ግፊት አለባቸው። ጨው ቀንሱ ተብለዋል፤ ቀንሰዋል። ሽንት የሚያስወጣ ኪኒን ይወስዳሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው በብዙ ቤት ኮሞዲኖ ላይ አለ። ይህ ኪኒን ከሽንቱ ጋር ጨውንም ይዞ ይወጣል። ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ የደም ሶዲየምን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ኪኒኑን ጣሉ አላልኩም፤ ግፊት ራሱ ይገድላል፤ ሐኪም ይጠየቅ ነው የምለው። በዚህ ላይ ሦስት ሊትር ተጨመረበት። አንድ ጠዋት እማማ የልጃቸውን ስም ያሳስታሉ። ሲነሡ ይንገዳገዳሉ። ምግብ ያስጠላቸዋል። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል። የሰፈሩ ሰው «ዓይን ነው» ይላል። ጀግናው ደግሞ ሲሮጥ ይመጣና ይጠይቃል፦ «ውሃውን በደንብ ይጠጣሉ?»

ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ፣ ጉበቱ ለታመመ ሰውማ ሐኪም ውሃን እንደ መድኃኒት ለክቶ ሊያዝ ይችላል። ይህ ጀግናውን አያግደውም። ጠያቂ ሆኖ ሲሄድ ሙዝ ይዞ አይሄድም፤ ባለ ስድስት እሽግ ውሃ ተሸክሞ ነው። አልጋው ሥር ይደረድረዋል።

ከሁሉ የምፈራው ግን ትምህርቱ አራስ ቤት ሲደርስ ነው። «ሕፃኑ እኮ ጠምቶታል፣ ከንፈሩን እይው!» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። የሦስት ወር ልጅ ነው። የእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚባለው እናትን ለማድከም አይደለም። የሕፃን ኩላሊት ገና ነው፤ ትርፍ ውሃ እንደ እኛ አያስወጣም። ትንሽ የመሰለ ውሃ ደሙን ያቀጥናል፤ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል። የአብሽ ውሃም ውሃ ነው። የዱቄት ወተት እንዲበረክት ብሎ ማቅጠንም ያው ነው። እዚህ ላይ የሚወደስ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ልጁን ተዉት። እሱ እንኳ ሲጠማው ያለቅሳል፤ ስልክ አልተጫነለትም።

ውሃ አትጠጡ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ግቡ። ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የጎነበሰ ሰው አለ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። እሱ ውሃ ይጠጣ፤ በደንብ ይጠጣ። የኩላሊት ጠጠር ያለበት በብዛት ጠጣ ከተባለ ይጠጣ። ተቅማጥ የያዘውም ይጠጣ፤ እሱ ደግሞ ኦአርኤስ ይጨምርበት። ኦአርኤስ ውስጥ ከስኳሩ ጋር ጨው የገባው ለጣዕም አይደለም። የሚገርመው ግን ሸዋ ሮቢት ያለው ሠራተኛ መለኪያ ያለው ጠርሙስ የለውም። ሲጠማው ይጠጣል፣ ሲረካ ይተዋል፣ ቆሎውን በጨው ይቆረጥማል። ኋላ ቀር ነው መቼስ።

መለኪያው ያለው ደጋ ላይ፣ ሁለት ሹራብ ለብሶ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እናቱ በሌሊት ተነሥታ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ትቀዳለች። እሱ ከጀሪካኑ አንድ አሥረኛውን ጠጥቶ፣ የሸናውን ለማፍሰስ ደግሞ ከዚያው ጀሪካን ሽንት ቤት ላይ ይደፋል። ባለ ሁለት ሊትር የሚለው ማዕረግ ሲታይ ያንሰዋል።

ጀግንነቱ በደንብ የሚታየው ግን መንገድ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ባለፈው በሚኒባስ ስንሄድ አንዱ ከእኛ ጋር ነበር። የመጨረሻው ወንበር፣ መስኮቱ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ጀግና ጥግ ይወዳል። ጫጫ ሳንደርስ «ሹፌር፣ አንዴ!» አለ። ሦስት ሰው ተነሣ፣ ትርፍ ወንበር ታጠፈ፣ ዶሮ የያዙ አባት ዶሮዋን ይዘው ወረዱ። እሱ ወርዶ ተመለሰ። ሁሉም ተቀመጠ። ጠርሙሱን ከፈተና ተጎነጨ።

ሸኖ ላይ ያው ሆነ። ለበጎ ነው፤ ሸኖ ቅቤ የምትገዛ ሴትዮ ነበረች፣ ገዛች። አለልቱ ላይ ሦስተኛው ሲሆን ዶሮ የያዙት አባት «ልጄ፣ ስኳር ይዞህ ይሆን?» አሉት በሐዘኔታ። «ኧረ ጤነኛ ነኝ አባባ፣ ውሃ ስለምጠጣ ነው» አለ። «እንዲያ ከሆነማ ጠንካራ ነህ» አሉ። አባባም ሽሙጥ ያውቃሉ።

ሰንዳፋ ላይ ወርዶ ቆየ። ረዳቱ አንገቱን አስገብቶ ቆጠረን። «አንድ ሰው ጎድሏል» አለ። ቅቤ የገዛችው ሴትዮ «ሁለት ነው የጎደለው፣ ጠርሙሱም ወርዷል» አለች። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጀግናው ከሱቅ በኩል እየሮጠ መጣ። ጠርሙሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ረዳቱ በሩን በክንዱ ዘጋበት።

«የሁለት ሰው ሒሳብ ነው» አለው።

ከፈለ። ከዚያ ዶሮ የያዙትን አባት ትንሽ ጠጋ በሉልን ብሎ ጠርሙሱን መሐል አስቀመጠው።